የዱከም ስም ከድረ ገጽ አድራሻ ለምን ይጠፋል?

ጃንጎ በተባለው የፓይተን ማዕቀፍ ድረ ገጽ ስንሠራ ካጋጠሙን ችግሮች ሁሉ ያስገረመን፥ የአማርኛ ስም ከአድራሻው ላይ ደብዛው መጥፋቱ ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ በመንገዱ ላይ ላሉት ከተሞች አንዳንድ ገጽ አዘጋጀን። «ስለጊፋይ» የተባለው መሣሪያ ከከተማው ስም አድራሻ ያወጣል፤ ነገር ግን ካልታዘዘ በቀር የሚያስቀረው የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ስለ ሆነ፥ «ዱከም» ሲሰጡት ባዶ ይመልሳል። ዱከም ያለ አድራሻ ተመዘገበ። ቢሾፍቱም ተከትሎ ባዶ ሆነና፥ አድራሻ እንዳይደገም አዝዘን ስለ ነበር የመረጃ ቋቱ «ቀድሞ ተይዟል» ብሎ መለሰው። እኛም ስሕተቱን ከቋቱ ስንፈልግ ዋልን፤ ጥፋቱ ግን ከዚያ አልነበረም።

የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ከዩኒኮድ ሰንጠረዥ ገብቷል፤ ጃንጎም በ2015 እ.ኤ.አ. ለመሣሪያው «አላው ዩኒኮድ» የሚል ፈቃድ ጨምሮለታል። ይህን መፍቀድ ይበቃል ብለን ነበር፤ አልበቃም። በአድራሻዎቹ ዝርዝር ውስጥ «ስለግ» የተባለው መቀበያ ደግሞ ላቲን ብቻ ስለሚያውቅ፥ በ«ስትር» መተካት አለበት። የቢሾፍቱ የቀድሞ ስም እንደ ጥንቱ በሁለት ነጥብ «ደብረ፡ዘይት» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነም፥ ነጥቡ ተፍቆ ቃላቱ ይጣበቃሉ፤ ስለዚህ ነጥቡን አስቀድሞ በባዶ ቦታ መለወጥ ያስፈልጋል።