«ጠፋ» የተባለን ሰው ማን ይፈልገው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ሐሙሲት ሲደርሱ ወደ እስቴ የሚታጠፈው መንገድ አንበሳሜ ያደርሳል። አንበሳሜ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንዲህ ካለች ከተማ አንድ ልጅ ፈተና አልፎ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ደስታው የቤተሰቡ ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩም ነው። አባት በግ ሸጦ የመንገዱን ይሰጣል፤ ጎረቤት ስንቅ ያዋጣል፤ ሽማግሌ ዱዓ ያደርጋል። እናት መናኸሪያ ድረስ ሸኝታ «ስትደርስ ደውልልኝ» ትላለች።

ውድ አንባብያን፣ እስቲ ያ ስልክ ሳይደወል ቢቀርስ? እናት የመጀመሪያውን ቀን «ባትሪ ዘግቶበት ይሆናል» ብላ ታድራለች። በሁለተኛው ቀን ጓደኞቹን ትጠይቃለች። በሦስተኛው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች። እዚያም ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ወጣት ነው፣ ይመጣል፤ ትንሽ ጠብቁ» ወይም «የጠፋው እዚህ ስላልሆነ እዚያው ሄዳችሁ አመልክቱ» የሚል ነው። እናት የምትጨነቅበት ሰዓት ለመርማሪ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ሰዓት ነው። ያየ ሰው ገና አልረሳም፤ የሹፌሩ ስም ይታወቃል፤ ስልኩ መጨረሻ የሠራበት ቦታ ይገኛል። ያ ሰዓት ካለፈ በኋላ ፍለጋው ከዓመት ዓመት እየከበደ ይሄዳል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በአገራችን የደረሰ ነው።

በኅዳር 2012 የሆነው

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በብሔር ምክንያት ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ብዙ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ትተው ወደየቤታቸው ለመመለስ ተገደዱ። በምዕራብ ኦሮሚያ በቄለም ወለጋ ከሚገኘው የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ አማራ ክልል ለመመለስ የተሣፈሩ ተማሪዎች በኅዳር ወር መንገድ ላይ ታገቱ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዲት ተማሪ አምልጣ የደረሰባቸውን ለመገናኛ ብዙኃን ተናገረች።

ቤተሰቦች ልጆቻቸው መታገታቸውን የሰሙት ከመንግሥት ሳይሆን ከልጆቻቸው ስልክ ነው። ከዚያም ስልኩ ዝም አለ። በዚያው ሰሞን፣ ከታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት፣ በምዕራብ ኦሮሚያ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ስለነበር ከአካባቢው ሰው ጠይቆ ወሬ ማግኘት እንኳ አልተቻለም። የተማሪዎቹ ወላጆች አማራ ክልል፣ ልጆቹ የጠፉት ኦሮሚያ ክልል፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ነው። ጉዳዩ የሦስቱም ሆነ፤ ለአንዲት እናት መልስ የሚሰጥ ግን ጠፋ።

በጥር 2012 መጀመሪያ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፕሬስ ሴክሬታሪ አቶ ንጉሡ ጥላሁን 21 ተማሪዎች መለቀቃቸውንና 6 መቅረታቸውን በቴሌቪዥን ተናገሩ። አገሩ ሁሉ እፎይ አለ። ቤተሰቦች ግን «የልጆቻችንን ድምፅ አልሰማንም፤ ከተለቀቁ የት አሉ?» ሲሉ ጠየቁ። ጥር 19 ቀን 2012 በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በደሴና በሌሎችም የክልሉ ከተሞች ሕዝብ ሰላማዊ ሰልፍ ወጥቶ ይህንኑ ጥያቄ ጠየቀ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እንደ ወላጅ አብሮ ጮኸ። በመጋቢት 2012 አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባወጣው መግለጫ 17 ተማሪዎች ያሉበት እንደማይታወቅ ገልጾ መንግሥት ለቤተሰቦቻቸው እውነቱን እንዲነግር አሳሰበ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ልብ ይሏል። 21 ተለቀቁ፣ 6 ቀሩ ከተባለ ድምሩ 27 ነው። ሌላው 17 ይላል። በቁጥሩ እንኳ መስማማት አልተቻለም። ምርመራ የሚጀምረው ግን ከስም ዝርዝር ነው፤ ማን ጠፋ? መቼ? በየትኛው መኪና? መጨረሻ ያየው ማን ነው? ዝርዝሩ ከወላጅ ጋር አንድ በአንድ ሳይመሳከር «ተለቀቁ» ማለት መፍትሔ አይሆንም፤ ይልቁንም የቆሰለውን ልብ ሁለተኛ ጊዜ ማቁሰል ነው።

ከዚህ በፊትም ታይቷል

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በናይጄሪያ ቺቦክ በተባለች ከተማ ቦኮ ሐራም 276 ሴት ተማሪዎችን ከትምህርት ቤታቸው ወሰደ። በሁለተኛው ቀን የአገሪቱ ጦር ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም ነፃ ወጥተዋል ብሎ አስታወቀ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊና ወላጆች ሐሰት ነው አሉ፤ ጦሩም ቃሉን ለማንሣት ተገደደ። በዚያ መካከል ያለፈው ጊዜ ግን ተመልሶ አልመጣም። የእኛም ሰዎች ስለ ደምቢ ዶሎ ተማሪዎች ሲጮኹ «ልጆቻችንን መልሱልን» የሚለውን የናይጄሪያ እናቶች መፈክር መዋሳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ወደ ኋላ ብንመለስም እንዲሁ ነው። ደራሲው በዓሉ ግርማ የካቲት 6 ቀን 1976 ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መኪናው በመንገድ ዳር ቆማ ተገኘች፤ እሱ ግን የት እንደ ደረሰ ይኸው እስከ ዛሬ በማስረጃ አልታወቀም። በጊዜው ተገቢው ምርመራ ያልተደረገበት ጉዳይ አርባ ዓመት ቢያልፈውም ጥያቄ ሆኖ ይኖራል።

ሕጉ «ጠብቁ» አይልም

ብዙ ሰው «ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ አይቀበልም» ብሎ ያምናል። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን እንዲህ ያለ ቃል የለበትም። እንዲያውም በቁጥር 22 የሚለው ተቃራኒውን ነው። ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ካወቀ ወይም ከጠረጠረ ምርመራ መጀመር አለበት፤ የቀረበለት አቤቱታ ወይም ወሬ አጠራጣሪ መስሎ ቢታየው እንኳ ሥራውን ከመሥራት አይከለክለውም። «ይመጣል» የሚለው የመርማሪው ግምት ከምርመራ አያድነውም ማለት ነው። በቁጥር 14 ደግሞ ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ የቀረበ ክስ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ለአመልካቹ እንዲነበብለትና ቀን ተጽፎበት እንዲፈርም ያዝዛል።

ይህ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ቀላል ነገር አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 154 አንድ ሰው ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሲሞላ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው የመጥፋቱን ውሳኔ ከፍርድ ቤት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በፊቅህም «መፍቁድ» ማለትም የጠፋ ሰው ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) የጠፋ ሰው ሚስት አራት ዓመት ከጠበቀች በኋላ አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ እንድትቆጥር መፍረዳቸው ይታወቃል፤ ሌሎች ዑለማዎች ደግሞ መሞቱ እስኪረጋገጥ ትጠብቅ ብለዋል። በየትኛውም መንገድ ቢኬድ ቃዲውም ሆነ ዳኛው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «መቼ ጠፋ? ምንስ ፍለጋ ተደረገ?» የሚል ነው። ፖሊስ ያልመዘገበው መጥፋት እንግዲህ የሚጎዳው የጠፋውን ብቻ አይደለም። ሚስቲቱ ባለትዳርም ባልቴትም ሳትባል ትቀራለች። ልጆች የቲም ናቸው አይባል፤ አባት አላቸው አይባል። ውርሱ አይከፈል፤ ሐዘኑ አይቀመጡት።

ሰብር ዝም ማለት አይደለም

እንዲህ ላለ ቤተሰብ «ሰብር አድርጉ» እንላለን። መልካም ነው። ነገር ግን የሰብር ምሳሌ የሆኑት ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ልጃቸው ዩሱፍ ሲጠፋ ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ አልቅሰዋል፤ ኀዘናቸውንም ለአላህ ብቻ አቅርበዋል። ይሁን እንጂ ከብዙ ዓመት በኋላ ልጆቻቸውን «ሂዱ፣ ፈልጉ» ብለው ልከዋቸዋል። በደም የተነከረ ቀሚስ ይዘው ለመጡትም «በላው» የሚለውን ወሬ አልተቀበሉም። ሰብርና ፍለጋ አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ በዕለቱ ማመልከት። ፎቶግራፉን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ የለበሰውን ልብስ፣ መጨረሻ የደወለበትን ሰዓት፣ የተሣፈረበትን መኪና ታርጋና አብረውት የነበሩትን ሰዎች ስም ጽፎ ይዞ መሄድ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ቃል ሲሰጥ እንዲጻፍና እንዲነበብ ጠይቆ፣ ቀን ጽፎ መፈረም። የመዝገብ ቁጥሩን መያዝ። ቤት ውስጥም አንድ ደብተር ተከፍቶ ማን ቢሮ መቼ እንደተሄደ፣ ምን እንደተባለ ይጻፍበት።

ሦስተኛ፣ «የእኛ ክልል አይደለም» ከተባለ ወደ ጣቢያው ኃላፊ፣ ከዚያም ወደ ዐቃቤ ሕግ ማለት። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ባሕር ዳር ላይ ጽሕፈት ቤት አለው፤ አቤቱታ ይቀበላል። በጦርነትና በግጭት ለተለያዩ ቤተሰቦች ደግሞ ቀይ መስቀል የጠፉ ሰዎችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው።

አራተኛ፣ የእኛ የጀመዓው ድርሻ ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ማስነገር፣ በዕድሩ በኩል በየከተማው ያሉ ዘመዶችን ማስጠየቅ፣ ማንበብና መጻፍ ለማትችል እናት አንድ የተማረ ወጣት አብሯት እንዲሄድ ማድረግ። «ልጅሽን አግኝቼልሻለሁ፣ ገንዘብ ላኪ» ከሚል አታላይም መጠበቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳምንት ሲያልፍ አለመርሳት። ለቅሶ ቢሆን ሰው ሦስት ቀን ተቀምጦ ያጽናናል፤ የጠፋ ሰው ቤት ግን ለቅሶ ስላልተቀመጠ ማንም አይመጣም።

ወንድሞችና እህቶች፣ አላህ የወሰደውን ሰው ቤተሰቡ ቀብሮ «ኢንና ሊላህ» ይላል። የጠፋውን ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር «እሱ ይሆን?» እያለ ይኖራል። ከዚህ ሥቃይ የሚገላግለው እውነት ብቻ ነው፤ መራራም ቢሆን። እውነቱን ፈልጎ ማቅረብ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ፣ በአላህም ዘንድ የሚጠየቁበት አማና ነው። ከቤታቸው ወጥተው ያልተመለሱትን ሁሉ አላህ ለቤተሰቦቻቸው በሰላም ይመልስ፤ የሞቱም ካሉ እውነቱን ያሳውቅ። አሚን።