ቅሬው ስልክ ውስጥ ሲገባ፦ «ሼር አድርጉልን» ከማለታችሁ በፊት

በውስጥ መስመር ከሚደርሱን መልእክቶች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። የታመመ ሰው ፎቶ፣ የባንክ አካውንት ቁጥር፣ ከስሩ «እባካችሁ ሼር አድርጉልን» የሚል። አንዳንዱን እንለጥፋለን፤ አንዳንዱን አንለጥፍም። «ሰው እየሞተ ዝም አላችሁ» ብላችሁ የወቀሳችሁን አላችሁ። ምክንያት ስላለን ዛሬ እሱን እናስረዳችሁ።

አንድ ጊዜ የአንድ ህፃን ፎቶ ደረሰንና አጣርተን ለጠፍነው። ከሳምንት በኋላ ያው ፎቶ፣ ያው የሀኪም ወረቀት፣ በሌላ አካውንት ቁጥር ተመልሶ መጣ። አንዱ ከእኛው ገጽ ላይ ወስዶ ቁጥሩን ቀይሮታል። ነገሩ ሲሰማ ሰው እውነተኛውንም መጠራጠር ጀመረ። ሌባው ምን ያህል እንዳገኘ እንጃ፣ የከሰረው ግን ያ ህፃን ነው።

ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ አዋጥቶ አንድ ትልቅ ጉዳይ ሲሸፍን በኢንተርኔቱ ቋንቋ ክራውድፈንዲንግ ይባላል። ለወሎ ሰው ስሙ እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። መርሳም ሆነ ሀብሩ ገጠር ውስጥ ሰው ሲሞት ቅሬው ይወጣል፤ በብዙ ቦታ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው። በአገር ደረጃም ለምደነዋል። የህዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጀመረ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 እስኪመረቅ ድረስ ስንቱ ቦንድ ገዛ፣ ስንቱ በ8100 መልእክት ላከ። (ቦንዱ ብድር ነው፣ ይመለሳል። የ8100ው አይመለስም። ብዙ ሰው ያምታታዋል።) በ2017 የካቲት ደግሞ ለመቄዶንያ ህንፃ በሰይፉ ፋንታሁን ዩቲዩብ ላይ ሰው ላይቭ እያየ ብር ሲያስገባ ከረመ። እኛ ከተማ ግን ትልቅ ነገር ሲታሰብ ዓይናችን አሁንም ወደ አንድ ባለሀብት ነው የሚሄደው፤ በ2009 ጥር የተመረቀው የወልድያ ስታዲየም የሼህ መሐመድ አልአሙዲ ወጪ ነው አይደል?

ብዙዎቻችን ጎፈንድሚ የሚለውን ስም በደንብ የሰማነው በጦርነቱ ጊዜ ነው። በ2014 ታኅሣሥ ወልድያ ነጻ ስትወጣ ሆስፒታሉ ተዘርፎ ነበር፤ ውጭ ያሉ ልጆቿም መዋጮ ያዙ። አሠራሩን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኢትዮጵያ ጎፈንድሚ ገንዘብ ከሚከፍልባቸው አገሮች ውስጥ የለችም። ስለዚህ ከፋቹ ጎፈንድሚ በሚከፍልበት አገር ያለ ሰው መሆን አለበት፤ ብሩም በእሱ አካውንት ገብቶ፣ እሱ ነው ወደዚህ የሚልከው። አሜሪካ ላይ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። መቆረጡስ ይሁን። ችግሩ ሺህ ሰው ያዋጣው ገንዘብ በአንድ ሰው ህሊና ላይ መንጠልጠሉ ነው።

አገር ውስጥ ቴሌብር በ2013 ግንቦት ከመጣ ወዲህ መላኩ ቀሏል። ኢንተርኔት እንኳን ባይኖር በ*127# ይሄዳል። ይሄን ደግሞ እኛ እናውቀዋለን፤ በ2015 ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ክልሉ ውስጥ ዳታ ተቋርጦ ከርሟል። ያኔ ብር መላክ ይቻል ነበር፤ ማን እንደታመመ የሚነግረንን ፖስት ማየት ግን አልተቻለም። በስልክ ብቻ የቆመ መዋጮ እንዲህ ነው፣ መስመሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ቅሬ ከቴሌግራም የሚበልጠው በምንድን ነው? ቅሬ ውስጥ በሽተኛውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ቤቱን ያውቀዋል፣ ብሩን ማን እንደያዘ ያውቃል። ያጎደለ ሰው ማክሰኞም ይሁን ቅዳሜ ገበያ ላይ ይገኛል። ደግሞም ማንም የማያነሳት አንዲት ጥያቄ አለች፦ ብሩ ቢተርፍስ? በሽተኛው አዲስ አበባ ሳይደርስ ቢያርፍስ? ቅሬ ቁጭ ብሎ ይወስናል። ስልኩ ላይ ግን ፖስቱ ይጠፋል፣ አለቀ።

ወደፊት ነገሩ ወደ ድረ ገጽ መሄዱ አይቀርም። ኬንያ ውስጥ ኤም ቻንጋ የሚባለው ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሞባይል ገንዘብ መዋጮ ይሰበስባል፤ እኛም አገር ወገን ፈንድ አለ። ጥሩ ነው። ግን ድረ ገጹ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሀብሩን በሽተኛ በምን ያውቀዋል? የሚያውቀው ቅሬው ነው። ስለዚህ የእኛ ሀሳብ ሁለቱ ይገናኙ ነው፤ መስማቱንና መላኩን ስልክ ይሥራ፣ ማጣራቱንና ብር መያዙን ሰፈር ይያዝ።

ከዚህ በኋላ ለመዋጮ ስትጽፉልን የሆስፒታሉን ሪፈር ወረቀት ላኩ። አካውንቱ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ቢሆን ይመረጣል፣ አንዱ ፈራሚ ከቅሬው ይሁን። ደውለን የምናናግረው ሰው ስጡን። ስንት ብር እንደሚያስፈልግ ጻፉ፤ ሲሞላም ንገሩን፣ ፖስቱ ላይ «ሞልቷል» ብለን እንጽፋለን። ብሩ ቢተርፍ የት እንደሚሄድ ከወዲሁ ተነጋገሩበት።

ላኪዎች ደግሞ፣ በንግድ ባንክ መተግበሪያ ቁጥሩን ስታስገቡ የባለቤቱ ስም ይመጣል። ፖስቱ ላይ ካለው ስም ጋር ካልገጠመ ቁሙ፣ ስክሪንሾት አንሱና ላኩልን። አንዴ የሄደ ብር ማስመለስ ከባድ ነው።

የሀኪም ወረቀት ስትልኩልን የበሽተኛውን ካርድ ቁጥርና ስልክ ሸፍኑት፣ እሱን እኛም አንለጥፍም።