ስለ ጨርጨር ማሽላ የተጻፈውን ማን ያነበዋል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽና በሚኤሶ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ከሄደ በኋላ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን፥ ቀድሞ ግን አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችውን ከተማ ያገኛል። የቀድሞው ስም ሲተረጐም «ተፈሪ አሰበ» ማለት ነው። ከማሰብ ጋር በስም የተዛመደች ከተማ በአገራችን ብዙ የለችምና፥ ታስቦ ስለሚወሰን ነገር ለመጻፍ ስንነሣ ከእርስዋ መጀመራችን የሚያስገርም አይሆንም።

ከተማይቱን የቈረቈሩት በፈረንሳይ አገር የእርሻ ትምህርት የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ከ1922 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጨርጨር ገዥ ሆነው የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። በዚያን ዘመን ጨርጨር ለሌሎቹ ግዛቶች ምሳሌ እንድትሆን የታሰበች አገር ነበረች። አዲሱ አሠራር በአንድ ስፍራ ይሞከር፥ ፍሬው ይታይ፥ ከዚያም ወደ ሌላው ይወሰድ ማለት ነው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው «በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ፖሊሲ» እየተባለ በታላቅ ስም የሚጠራው ነገር ከዚህ አሳብ ብዙም አይርቅም። ዳሩ ግን ሐኪም ወርቅነህ በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ሎንዶን ሄዱ፤ ወዲያውም የጠላት ወረራ ስለ ደረሰ ነገሩ በዚያው ተቋረጠ።

ባለፈው ኅዳር ጭሮን ለማየት ሄደን ነበር። ጊዜው ማሽላ የሚሰበሰብበት ነውና ከከተማው ዳር በየመንገዱ የአገዳ ሸክም ይመላለሳል። ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጠውን አገዳ ያየ ሰው፥ የሐረርጌ ገበሬ ማሽላን ለፍሬው ብቻ እንደማይዘራ ወዲያው ይረዳል። አገዳው ለከብት መኖ፥ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ይሆናል። ሙይራ፥ ወገሬ፥ ፈንዲሻ የሚባሉት ያገሬው ዘሮች (የመጨረሻው ስም በብረት ምጣድ የሚቈላውን ቢያስታውስም የማሽላ ስም ነው) በመጋቢትና በሚያዝያ ተዘርተው እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ በማሳ ላይ ይቈያሉ።

እንግዲህ ነገሩ የሚጠናው የበልጉ ዝናም ሲዘገይ ነው። ዘግይቶ የሚደርሰው ዘር ሳያፈራ ዝናሙ ያልቃል። በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፥ በዶክተር ብርሃነ ገብረ ኪዳን መሪነት ስለ ማሽላ የደከሙት ሊቃውንትና ከእነርሱ በኋላ የመጡት፥ ቶሎ የሚደርሱ ዘሮችን መፈለጋቸው ስለዚህ ነው። ቶሎ የሚደርሰው ዘር ግን አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ፍሬ ይሰጣል፤ አገዳ ይነሣል። ገበሬው ሲያመነታ ያየ አንድ እንግዳ «ይህ ሰው አዲስ ነገር ይጠላል» ብሎ ቢፈርድ በጣም ይሳሳታል፤ ገበሬው የሚያመነታው ላሙን እያሰበ ነው።

ከዚህ በላይ አንድ ሌላ ጥያቄ አለ። ዝናም ሲከዳ ዘር ይታደል የሚል አሳብ ከየአቅጣጫው ይነሣል። ሾን ማክጓየር የሚባሉ ተመራማሪ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ገበሬው የማሽላ ዘር እንዴት እንደሚያገኝ አጥንተው፥ በ2000 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008) አሳትመዋል። ዘር ማግኘት ከሀብትና ከዝምድና፥ ከጉርብትናም ጋር የተያያዘ መሆኑን ያሳያሉ። ስለ ዘር የሚያጠኑ ሊቃውንትም «ዘር ከአገር ጠፋ» በማለትና «ዘር በገበያ አለ፥ ድኻው ግን መግዣ አጣ» በማለት መካከል ትልቅ ልዩነት እንዳለ ያስረዳሉ። ለመጀመሪያው ችግር መድኃኒቱ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ዘር ነው፤ ለሁለተኛው ግን ገንዘብ ወይም ብድር ነው። መድኃኒቱ ከተለዋወጠ፥ መኪናው ዘሩን አራግፎ ሲመለስ ድኻው ያው በድኽነቱ ይቀራል።

ይህ ጥናት የታተመው በእንግሊዝኛ ቋንቋ፥ በውጭ አገር የምርምር መጽሔት ላይ ነው። የምዕራብ ሐረርጌ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ነው። የወረዳው የግብርና ሹም ስለ ራሱ ጎረቤቶች የተጻፈውን ለማንበብ ባሕር ማዶ ይሻገር ይሆን?

ዕውቀቱ ከአገሩ አልጠፋም። በዳሮ ለቡ ወረዳ የመቻራ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ በሂርና የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፤ በጭሮም ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ። የዓለማያ ኮሌጅ በ1940ዎቹ በኦክላሆማ መምህራን እርዳታ ሲቋቋም፥ ማስተማር፥ መመራመርና ለገበሬው ማድረስ በአንድ ጣራ ሥር እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ለገበሬው የማድረሱ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ለብቻው ተቋቋመ። ለእያንዳንዱ ምክንያት ነበረው፤ እኛም አንነቅፍም። ነገር ግን ቀድሞ በአንድ ግቢ ውስጥ ሰው ለሰው ይነጋገረው የነበረው ነገር፥ ከዚያ ወዲህ በመሥሪያ ቤቶች መካከል በደብዳቤ የሚሄድ ሆነ።

ከዚያው ከዓለማያ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ምክንያት ነው። አቀንጭራ በመሬት ውስጥ ተኝቶ የሚነቃው ከማሽላው ሥር የሚወጣው ቅመም ሲነካው ነው፤ ያን ቅመም እጅግ በጥቂቱ የሚያወጣ ማሽላ ከተዘራ ጠላቱ እንደ ተኛ ይቀራል። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን ዘሩ ለብቻው አለመላኩ ነው። ውሃን በማሳ ላይ ከሚያቈይና አፈሩን ከሚያዳብር ዘዴ ጋር ተባብሮ ለገበሬው እንዲደርስ ተደክሞበታል።

ይህን ስንጽፍ ራሳችንን ነጻ አናወጣም። እኛም በቅርቡ ስንመረቅ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፈን ነበር። ሦስት ቅጂ ተጠረዘ፤ አንዱ በትምህርት ክፍሉ፥ ሁለተኛው በቤተ መጻሕፍቱ፥ ሦስተኛው በእናታችን ሳጥን ውስጥ ይገኛል። ያነበበችው እናታችን ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ እርስዋም ያነበበችው የምስጋናውን ገጽ ነው። ለጥያቄያችን መልስ የሰጡን ገበሬዎች ግን ምን እንደ ጻፍንላቸው እስከ ዛሬ አልሰሙም።

በእኛ አሳብ፥ አጥኚው ከትልቁ ድርሳን ጋር ሁለት ገጽ በአፋን ኦሮሞ ጽፎ ለወረዳው ይስጥ። ጊዜውንም ይወቅ፤ የዘር ነገር ከሚያዝያ በኋላ ቢደርስ ማሳው ተዘርቷል፤ ገንዘብ የሚጠይቀውም የበጀቱ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ከዚያ አስቀድሞ መድረስ አለበት። ሹሙ በበኩሉ ከወሰነ በኋላ «የሚደግፍ ጥናት ፈልጉልኝ» ማለቱን ይተው። አጥኚ «ምናልባት» ሲል ሹም ይቈጣል፤ ያ «ምናልባት» ግን ብዙ ጊዜ የጥናቱ ዋና ቁም ነገር ነው።

ስንመለስ ከጭሮ ዳገት ወርደን በሚኤሶ ሜዳ አለፍን። ያን ያህል በማይርቅ መንገድ ደጋው ቀርቶ ቈላ ሆነ፤ ብርዱ በሙቀት ተተካ፤ ከብቱም በዛ። በዳገቱ ላይ ላለው ገበሬ የሚስማማው ዘር እዚህ ላይስማማ ይችላል። የሁለቱም ወረዳዎች የዘር ጥያቄ የሚቀርበው ግን በጭሮ በአንድ የዞን ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሚያዝያም ሩቅ አይደለም።