ሰርቨሩ ቢጠፋ ሥራው ይጠፋል?

መጽሐፈ ሄኖክ በግእዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በየገዳሙ ስለተገለበጠ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ሊነስ ቶርቫልድስ የሠራው ጊትም የፕሮግራም ጽሑፍን የሚጠብቀው እንዲሁ ነው፤ ሥራውን ከሰርቨር የገለበጠ ላፕቶፕ የዛሬውን ፋይል ብቻ ሳይሆን ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠም ይይዛል።

ሰርቨሩ ቢበላሽ መጀመሪያ ላፕቶፖቹን አወዳድሩና የቅርቡን ቅጂ ምረጡ። ምንም ሳትለውጡ በፍላሽ ገልብጡት። ቀጥሎ በሌላ ሰርቨር ባዶ ማከማቻ ክፈቱና የሥራውን ቅርንጫፎች ሁሉ ላኩበት፤ የጎደለውን ከሌሎች ላፕቶፖች ሙሉ።

በጊት ያልተመዘገበ ሥራ ግን ያለው በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በየቀኑ መዝግቡ፤ ለጓደኞቻችሁም አጋሩ።

ወላጆችም፣ የልጆቻችሁ የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ በአንድ ሣጥን ብቻ አይቀመጥ።