ረሃብ ያመጣው እንግዳ?

ባለፈው ጃንዋሪ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሚኖሶታ ክሪስታል ከተማ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ወደማይርቀው ማክ የተፈጥሮ ሥፍራ እግሬን ላፍታታ ወጣሁ። ሜዳው መሐል የበረዶ ቁልል የመሰለኝ ነገር ድንገት አንገቱን አዙሮ በቢጫ ዓይኖቹ አፈጠጠብኝ። ነጭ ጉጉት ነበር!

በአገራችን ጉጉት መርዶ ነጋሪ ነው ስለሚባል ደንገጥ ማለቴን አልደብቅም። አብረውኝ የነበሩ አንድ ያገሬ ሰው ግን ከንፈራቸውን መጠጡና “ምስኪን! ረሃብ ነው እዚህ ድረስ ያመጣው” አሉ። እኔም ለዓመታት የማምነው እንዲሁ ነበር። ለመሆኑ እውነቱ ይህ ነውን?

ነጭ ጉጉት የሚራባው ዛፍ በማይበቅልበት የአርክቲክ ምድር ሲሆን፣ ዋነኛ ምግቡም ሌሚንግ የሚባል አይጥ መሰል እንስሳ ነው። ሌሚንግ ሲጠፋ ጉጉቷ ጭራሽ እንቁላል ሳትጥል ልትከርም ትችላለች፤ ሲትረፈረፍ ግን ጎጆው በጫጩት ይሞላል። እነዚያ ጫጩቶች ብርዱ ሲገባ በብዛት ወደ ደቡብ ይፈልሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013-14 የብርድ ወራት እስከ ፍሎሪዳና ቤርሙዳ ድረስ ታይተዋል። በዚያው ጊዜ የተጀመረው “ፕሮጀክት ስኖውስቶርም” የተሰኘ ጥናት ጉጉቶቹን እየያዘ ሲመዝን፣ ብዙዎቹ የጠገቡና ጤነኞች ሆነው ተገኙ። ሞተው ከተገኙትም ብዙዎቹን የገደላቸው እንደ መኪና ካሉ ነገሮች ጋር መጋጨት ነበር። የተራበ ጉጉት የለም ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹን ያሰደዳቸው ግን ጥጋብ የወለደው ብዛት ነው።

የአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ የሚያዘወትሩትም ገላጣው ሜዳ የትውልድ ምድራቸውን ስለሚመስል ነው። አገር ቤትን የሚመስል ሠፈር መፈለግ ለእኛስ እንግዳ ነገር ነውን?

ውድ አንባቢያን፣ ስንቱ ነው እኛን ገና ሲያየን ታሪካችንን ሳይጠይቅ “ረሃብ ያመጣቸው” ብሎ የደመደመ? ይህን ፍርድ አጥብቀን የምንጠላው እኛው፣ ያን ዕለት በአንዲት ወፍ ላይ ሳናመነታ ፈረድን። መጤን ከማዘናችን በፊት ከየትና ለምን እንደመጣ መጠየቅ ይቀድማል።

ነጭ ጉጉት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለመጥፋት ከተጋለጡ ዝርያዎች ተርታ ተመዝግቧል። ስለዚህ ካያችሁት ከሩቅ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ለፎቶ ብላችሁ አታስበርግጉት። ብርዱ ሲያልፍ ወደ አገሩ ይመለሳል። መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት፤ ለእኛም እንዲሁ!