የዜልዳ ሦስተኛው መንገድ

የዛጉዌ ነገሥታት 133 ዓመት ገዙ ወይስ 333? በዚህ ጥያቄ ስንት ሙግት ተሟግተናል! የጃፓኑ ኒንተንዶ ኩባንያ የቪዲዮ ጨዋታዎች ወዳጆችም፣ ነገሩ ልብ ወለድ ነው ሳይሉ፣ የዜልዳ ጨዋታዎች ምድር በሆነው በሃይሩል መንግሥት ዜና መዋዕል ላይ እንዲሁ ሲከራከሩ ኖረዋል።

«ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» የወጣው በፌብሩዋሪ 1986 እ.ኤ.አ. ነው። ሊንክ የሚባል ልጅ ልዕልት ዜልዳን ከክፉው ጋኖን እጅ ያስጥላል። ቀጣዮቹ ጨዋታዎች ሲመጡ ግን ብዙ ጊዜ ስሙ ያው ሆኖ ሰዎቹ ሌሎች ሆኑ። ታዲያ የቱ ከየቱ ይቀድማል?

የመጀመሪያው ፍንጭ ከካርቶን ጀርባ ተገኘ። የ1991ዱ ሦስተኛ ጨዋታ አሜሪካ ሲሸጥ፣ ታሪኩ ከሊንክና ከዜልዳ በፊት የነበሩት ሰዎች እንደሆነ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ነበር። በ1998 ግን የጨዋታው ፈጣሪ ሺጌሩ ሚያሞቶ ለአንድ መጽሔት ሲናገሩ ያንኑ ጨዋታ መጨረሻ ላይ አስቀመጡት። ክርክሩ ባሰበት።

በዚያው ዓመት «ኦካሪና ኦፍ ታይም» ወጣ። እዚህ ላይ ሊንክ ሰባት ዓመት ወደፊት ተሻግሮ ጠላቱን ድል ያደርጋል፤ ዜልዳም ወደ ልጅነቱ ትመልሰዋለች። በዚህም ዓለሙ ሁለት ሆነ፤ አንዱ ጀግናው ትቶት የሄደው፣ ሌላው ልጅ ሆኖ የተመለሰበት። አዘጋጁ ኤይጂ አኦኑማ ታሪኩ ለሁለት መከፈሉን አረጋገጡ። የድሮዎቹ ጨዋታዎች የት እንደሚገቡ ግን የሚስማማ ጠፋ።

ዲሴምበር 21 ቀን 2011 ሾጋኩካን የተባለው አሳታሚ የተከታታዩን 25ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ «ሃይሩል ሂስቶሪያ»ን አወጣ። መጽሐፉ የገጸ ባሕርያት ንድፎችንና ሕዝብ ያላያቸውን ረቂቆች ይዟል። አንባቢ የተሻማው ግን በዘመን ሰንጠረዡ ነው። መስመሩ ከወር በፊት ከወጣው «ስካይዋርድ ሶርድ» ተነስቶ «ኦካሪና» ጋ ሲደርስ ለሦስት ይከፈላል። ሦስተኛው ጀግናው የተሸነፈበት ነው! የ1986ቱም የ1991ዱም ጨዋታ እዚያ ገቡ። ሰው ሁሉ ሊንክ ያሸንፋል ብሎ ስለሚነሳ፣ ማንኛውም ተጫዋች ስንቴ የቀመሰውን ሽንፈት ከታሪክ የቆጠረው አልነበረም ማለት ይቻላል።

የእንግሊዝኛው ትርጉም በጃንዋሪ 2013 በዳርክ ሆርስ ሲታተም አማዞን ላይ በሽያጭ አንደኛ ወጣ። ሙግቱ ግን አልተዘጋም። ኋላ የወጣው የዜልዳ ኢንሳይክሎፒዲያ የአንዳንድ ጨዋታዎችን ቅደም ተከተል ለወጠ። በ2017 የመጣው «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ»ም ከሦስቱ የየትኛው እንደሆነ ሳይነገር ቀረ። አይደንቅም፤ ሠሪዎቹ መጀመሪያ የሚያስቡት ስለ አጨዋወቱ ነው፣ ታሪኩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። «ሃይሩል ሂስቶሪያ» ራሱ የዘመኑ ቅደም ተከተል ለጊዜው የታመነበት እንጂ የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ ያሳስባል። መጽሐፉ እጃችሁ ከገባ ከሰንጠረዡ በፊት ይህን ማሳሰቢያ አንብቡ።