ዘጠኝ ጊዜ የሚወረድበት ተራራ

በዚህ ዕትም የምናወጋችሁ ስለ አንድ ሩቅ ሀገር ተራራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጉባኤ ወደ ጃፓን ተልከን ሳለ፣ ጉባኤው ሲፈጸም የቀሩንን ቀናት ኮያ በሚባለው የመነኮሳት ተራራ አሳለፍናቸው። የቡድሃ እምነት ተከታዮች ናቸው፤ በሃይማኖት የሚያገናኘን ነገር የለም። ነገር ግን ገዳማዊ ሰው የገዳም ደጅ ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም።

ኮያ ከኦሳካ ከተማ በስተ ደቡብ በዋካያማ አውራጃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በስምንት ጫፎች የተከበበ ሜዳ ነው። ገዳሙን የመሠረተው ኩካይ የሚባል መነኩሴ ሲሆን፣ በኋላ ኮቦ ዳይሺ የሚል የክብር ስም ተሰጥቶታል። በ774 በሺኮኩ ደሴት ተወልዶ፣ ቻይና ሄዶ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥት ሳጋ በ816 ተራራውን ሰጠው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አብዛኛው ጎብኚ ከኦሳካ በባቡር መጥቶ የመጨረሻውን ዳገት በገመድ በሚሳብ ባቡር ይወጣል። እኛ በእግር መውጣትን መርጠን ከግርጌው፣ ኩዶያማ ከምትባል የገጠር ከተማ ተነሣን። የስሟ ትርጉም «ዘጠኝ ጊዜ ተራራ» ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራራው ለሴት የተከለከለ ነበር። እንደ ሀገሬው ትውፊት የኩካይ እናት ልጃቸው የመሠረተውን ገዳም ለማየት ከሺኮኩ ቢመጡም ከግርጌው ማለፍ አልቻሉም፤ ጂሶን ኢን በተባለው ቤተ መቅደስ ተቀምጠው በዚያው ዐረፉ። ልጃቸው ግን በየወሩ ዘጠኝ ጊዜ ያን ሁሉ መንገድ እየወረደ ይጠይቃቸው ነበር። ዘጠኝ ማለት ብዙ ጊዜ ለማለት ነው የሚሉም አሉ። አስጎብኚያችን ይህን ሲነግረን መልስ አልሰጠንም።

ዛሬ ጂሶን ኢን የእናቶች መማጸኛ ነው። ሴቶች ለመውለድና ለማጥባት እየተሳሉ የእናት ጡት አምሳል ሠርተው ይሰቅላሉ። አብሮን የነበረው ወጣት ዲያቆን ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። በደጁ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት አሮጊት ካኪ አውጥተው ሰጡን፤ እዚህ ኢየሩሳሌም ገበያ አፈርሴሞን የምንለው፣ ኩዶያማ የታወቀችበት ፍሬ ነው። እጅ ነሥተን ተቀበልናቸው።

ከዚያ ወደ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየ109 ሜትሩ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሚሆን የድንጋይ ዓምድ አለ፤ በድምሩ 180 ናቸው። ቀድሞ ከእንጨት ነበሩ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በድንጋይ ተተኩ። ቁጥራቸው ከሥር በ180 ይጀምርና ወደ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል፤ መንገደኛው የሚቆጥረው የሄደውን ሳይሆን የቀረውን ነው። እያንዳንዱ ዓምድ አምስት ክፍል አለው፦ መሬት፣ ውኃ፣ እሳት፣ ነፋስና ጠፈር። መምህሮቻችን አራቱን ባሕርያት ሲያስተምሩን ኖረዋል፤ እነዚህ አምስተኛ ጨምረው በድንጋይ ደርድረዋቸዋል።

መቶኛው ዓምድ ዘንድ ጉልበታችን ከዳንና ተቀመጥን። በዚያ ያሰብነውን ከእናንተ አንሰውርም። በወጣትነታችን በጣና ሐይቅ፣ ሴት በማትረግጠው በዳጋ እስጢፋኖስ ጥቂት ዓመታት ነበርን። ወላጅ እናታችን ሦስት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ከሐይቁ ዳር ደረሱና በሶና ድርቆሽ በደንገል ታንኳ ላኩልን። በዚያው ታንኳ እንድንሻገር አበምኔቱ ፈቀዱልን፤ «ሂድና እናትህን ተሳለማቸው» አሉን። እኛ ግን ዓለምን የናቅን መሆናችንን ለማሳየት ሱባኤ ይዘናል ብለን ቀረን። ሁለት ቀን ጠብቀው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አልተያየንም፤ ዕረፍታቸውን የሰማነው እዚህ ኢየሩሳሌም ሆነን ነው።

ሲመሽ ከላይ ደረስን። በኮያ 117 ቤተ መቅደሶች ሲኖሩ፣ ሃምሳ ያህሉ እንግዳ ያሳድራሉ። መኝታው በሰሌን ወለል ላይ ነው። ማዕዱ ሥጋም ዓሣም ሽንኩርትም የለበትም፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ በብርድ አድርቀው መልሰው ይቀቅሉታል። ዲያቆኑ እንኳ ለጾማችን የሚስማማ ማዕድ አገኘን ብሎ ተደሰተ።

በማግስቱ ኮንጎቡጂ በተባለው ዋና ቤተ መቅደስ የድንጋይ አትክልት ስፍራውን አየን። አትክልት ይበሉት እንጂ ውኃም አበባም የለበትም። በ2,340 ካሬ ሜትር ላይ ነጭ አሸዋ በመፋቂያ ተሰምሮ፣ 140 ድንጋዮች ከደመና የሚወጡ ሁለት ዘንዶዎችን እንዲመስሉ ተተክለዋል። የተሠራው በ1984 ነው። አሸዋው ከኪዮቶ፣ ድንጋዮቹ ግን ኩካይ ከተወለደባት ከሺኮኩ የመጡ ናቸው። ከእናቱ ሀገር ማለት ነው።

ከመንደሩ በስተ ምሥራቅ ኦኩኖ ኢን የሚባለው የመቃብር ስፍራ አለ። ሁለት ኪሎ ሜትር በሚሆነው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በረጃጅም ጥዶች ሥር፣ ከ200,000 በላይ መቃብሮች ተደርድረዋል። በመጨረሻው የኩካይ መቃብር ነው። በ835 ሞተ አይሉም፤ በተመስጦ ተቀምጧል ብለው መነኮሳቱ ዛሬም በቀን ሁለት ጊዜ ማዕድ ተሸክመው ያቀርቡለታል። በዚያው ያልጠበቅነውን አገኘን፦ በ781 ንስጥሮሳውያን በቻይና ያቆሙት ሐውልት ግልባጭ፣ በ1911 ኤልሳቤጥ ጎርደን በተባሉ እንግሊዛዊት የተተከለ። አባቶቻችን በኤፌሶን የፈረዱት ፍርድ የታወቀ ነው፤ ሆኖም መስቀል ስናይ አማተብን።

በመጨረሻው ቀን የሴቶቹን አዳራሽ ተሳለምን ባንልም ጎበኘነው። ከተራራው ሰባት መግቢያዎች በእያንዳንዱ አንድ አንድ ነበረ፤ ዛሬ የቀረው ይህ ብቻ ነው። ሴቶች እስከዚያ ድረስ ወጥተው ይጸልዩና፣ ወደ ውስጥ ሳይገቡ ጫፎቹን በጠባብ መንገድ እየዞሩ ገዳሙን ከሩቅ ይመለከቱ ነበር። መንግሥት ክልከላውን በ1872 ሻረው፤ መነኮሳቱ ግን ለመቀበል ብዙ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ለመመለስ ዲያቆኑ በገመድ ባቡሩ እንውረድ አለን፤ ጉልበታችንም በሐሳቡ ተስማምቶ ነበር። እኛ ግን በመጣንበት መንገድ፣ ዓምዶቹን ከአንድ እስከ 180 እየቆጠርን፣ እስከ ጂሶን ኢን በእግር ወረድን። አሮጊቷ በቦታቸው አልነበሩም።